ዘሀራ አሰብን ለንደን ላይ ተማረች

«የአካባቢሽ ሕዝብ ብዛት ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃት አስተርጓሚው።

ዘሀራ ባህሩ መልስ ፍለጋ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቃ አታውቅም። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው፣ የጥገኝነት ጥያቄዋን የምትመረምረው እንግሊዛዊት ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ክፍሉ መስኮት የለውም።

«ከጦርነቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች ዘሀራ።

አስተርጓሚው ተረጎመው። እንግሊዛዊቷ አንድ ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ትልቁ ወንዝ ማን ይባላል? ዘሀራ ወንዝ የለንም አለች። ወደቡ መቼ ተሠራ? እኔ ስወለድ ነበረ አለች። ክፍለ ሀገሩ ማን ይባላል? ይኼኛውን ስለምታውቀው ደስ ብሏት «አሰብ ራስ ገዝ» አለች ቶሎ ብላ። ትምህርት ቤታቸው በር ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነበር። እንግሊዛዊቷ ፊት ለፊቷ ያለውን ወረቀት አየችና ራሷን ነቀነቀች።

ይህ የሆነው ከምርጫ 97 በኋላ ባለው ዓመት ነው። ያኔ ለንደን ውስጥ ሁለት ሐበሻ ከተገናኘ ወሬው ምርጫ ነበር። ማን ታሰረ፣ ማን ተፈታ፣ ሰልፉ መቼ ነው፣ ሌላ ወሬ አልነበረም። ዘሀራ ግን ምርጫውን የሰማችው ከተጠናቀቀ በኋላ ሲሆን፣ የሰማችውም ዊልስደን ውስጥ ካስጠጋቻት ከቲጂ ነው። ቲጂ ኮተቤ ተወልዳ ያደገች፣ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት የምትሠራ፣ ድምፀ ጎላ ሴት ናት። ዘሀራን ያገኘቻት በዊልስደን ዋና መንገድ ላይ፣ የአውቶብስ መጠለያ ሥር፣ በዝናብ ቀን በስስ ቀሚስና በነጠላ ጫማ ቆማ ነው። ሐበሻ መሆኗን ከመልኳ ገምታ በአማርኛ «የኔ እህት፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት ዘሀራ አለቀሰች። ቲጂም ሌላ ጥያቄ ሳታበዛ ወደ ቤቷ ይዛት ሄደች።

ዘሀራ የመጣችበት አገር ትንሽ ናት። በይሉል ትባላለች፤ ከአሰብ ወደ ሰሜን፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለች መንደር። ከኋላዋ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከፊቷ ባሕር፣ በመሀል ዘንባባና የውኃ ጉድጓዶች። እናቷ ዓፊፋ የዚያው የአፋር ልጅ ነበረች። አባቷ ባህሩ ግን ከከሚሴ ሥራ ፍለጋ ወርዶ አሰብ ጨው ማምረቻ የገባ ሰው ነው። ዘሀራ ከእናቷ ጋር አፋርኛ፣ ከአባቷ ጋር አማርኛ እየተናገረች አደገች፤ ለትምህርት ስትደርስ አባቷ አሰብ ከተማ ወሰዳት፤ ትምህርቱም በአማርኛ ነበር። አባቷ በሕመም ከሞተ በኋላ ኢትዮጵያና ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ገጠሙ። እስከዚያ ድረስ «የዓፊፋ ልጅ» ይላት የነበረው ሰው ሁሉ «የኢትዮጵያዊው ልጅ» ይላት ጀመር። ሰው መታፈስ ሲጀምር ዓፊፋ ልጇን በእንጨት ጀልባ አሳፍራ ወደ የመን ተሻገረች። እዚያም ብዙ አልቆየች፣ ኤደን ላይ ሞተች። ዘሀራ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ከረመችና አሠሪዎቿ ለሕክምና ለንደን ሲመጡ ልጆቻቸውን እንድትይዝ ይዘዋት መጡ። ከቤት እንዳትወጣ በሩን ይቆልፉባት ነበር። አንድ ቀን እቃ የሚያደርስ ሰው መጥቶ በሩ ሲከፈት፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ ወጥታ ሄደች። ቲጂ ያገኘቻት የዚያን ዕለት ነው።

ከኢንተርቪው በኋላ መልሱ ሲመጣ ሪፊውዝ ሆነ፤ ጥገኝነቱን ተከለከለች።

ጠበቃዋ ሲያን የምትባል የዌልስ ሴት ነበረች። መልሱን ለዘሀራ ስታነብላት ቲጂ አጠገባቸው ሆና ትተረጉም ነበር። የሕዝቡን ብዛት አታውቅም ይላል። ወንዙን አታውቅም። ክፍለ ሀገሩን ተሳስታለች። አማርኛዋ የኢትዮጵያ ነው፤ አፋርኛ ደግሞ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ይነገራል፤ ስለዚህ ከዚያ የባሕር ዳርቻ መምጣቷን አላመንም፣ ወደ ኢትዮጵያ ትመለስ ይላል።

ቲጂ እየተረጎመች በመሀሉ ትሳደባለች። ሲያን ግን ወረቀቱን አስቀመጠችና፣ «እኔም የባሕር ዳር ገጠር ልጅ ነኝ። በጎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያሉት። እስካሁን ድረስ ሕዝቡ ስንት እንደሆነ አላውቅም። እናቴም የምታውቅ አይመስለኝም» አለቻት።

ዘሀራ ይኼን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ሆኖም አፒል የሚሉት ይግባኝ ነበረባት፤ አፒሉም ላይ የሚጠይቋት ያንኑ ነበር።

በዚያው ሰሞን የቲጂ የሰፈር ልጅ ኤርምያስ ቤት መጣ። ታክሲ የሚነዳ፣ ሰው መርዳት የሚወድ፣ ነገር ግን ሁሉንም ነገር አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። የዘሀራን ኬዝ ከሰማ በኋላ እጁን አወራጨ።

«ይሄን የአሰብ ነገር ተይው በቃ። ማንም አያውቀው! በምርጫው ጊዜ ሰልፍ ወጥቼ ታሰርኩ በይ። እሱን በቴሌቪዥን አይተውታል።»

«አዲስ አበባን እኮ አይቻት አላውቅም» አለች ዘሀራ።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? እኔ አስረዳሻለሁ። መርካቶን፣ ፒያሳን፣ እስር ቤቱን… የታሰሩ ጓደኞች አሉኝ።»

ቲጂ ዘሀራን አየቻት። እውነቱን ለመናገር ቲጂም ልቧ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፤ መዳኛ መንገዱ እሱ መስሏታል። ዘሀራ ግን ብዙ አላሰበችም።

«የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ካልኩ እናቴን የት አደርጋታለሁ?» አለች። «እኔን ይዛ ባሕር የተሻገረች፣ ኤደን የቀበርኳት ሴት አለች። እሷን አልነበረችም ልበል?»

ኤርምያስ የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ሲወጣ በሩ ላይ ዘወር ብሎ፣ «አርችዌይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አሰብ አስተማሪ ነበሩ ይባላል። አድራሻቸውን ከቤተ ክርስቲያን እጠይቅልሻለሁ» አላት። ቃሉንም ጠበቀ።

አቶ መኩሪያ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ አርችዌይ የከተማው አስተዳደር ከሚያከራያቸው የካውንስል ፍላቶች በአንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። አሰብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምረዋል፤ ደርግ ሲወድቅ በመርከብ ወጥተው በስንት መከራ ለንደን ደርሰዋል። እዚህ ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ጠብቀው ጡረታ ወጥተዋል። ቲጂና ዘሀራ ሲገቡ ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ የዘሀራን ነገር ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«በይሉል!» አሉ። «በይሉል የሚለውን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!»

«ክፍለ ሀገሩን ተሳስተሻል አሉኝ» አለች ዘሀራ አንገቷን ደፍታ። «አሰብ ራስ ገዝ ብዬ ነበር።»

«አልተሳሳትሽም ልጄ። ስሙ ነው የተቀያየረው። መጀመሪያ በኤርትራ ሥር አውራጃ ነበርን። ደርግ ሊወድቅ ሲል ራስ ገዝ አደረገን፤ አንቺ ተማሪ የነበርሽው ያኔ ነው። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ደቡባዊ ቀይ ባሕር ተባለ። ሴትዮዋ ወረቀት ላይ ያለው አዲሱ ነው። አንቺ የተናገርሽው የልጅነትሽን ነው።»

ዘሀራ ቀና አለች። ስለ ገዛ አገሯ ስትሳሳት የከረመች መስሏት አፍራ ነበር። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘሀራ አርችዌይ ትመላለስ ጀመር። አቶ መኩሪያ ጥቁር ሰሌዳ የላቸውም፤ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ባሕር አድርገው፣ ቢላዋና ሹካ እየደረደሩ ያስተምሯታል። ሹካው ከአሰብ በቡሬና በማንዳ በኩል ወደ መሀል አገር የሚወጣው የመኪና መንገድ ነው። የጨው ዕቃው በይሉል ነው። ወደቧ ለምን እዚያ እንደሆነች፣ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ነፋሱ በየትኛው ወር አቅጣጫውን እንደሚቀይር ይነግሯታል። የጣልያን ኩባንያ መጀመሪያ መሬቱን ከአካባቢው ሱልጣኖች እንዴት እንደገዛ፣ ከወደቡ በፊት ዓሣና ጨው ብቻ እንደነበረ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ሲከፈት ከየአገሩ ሰው እንዴት እንደጎረፈ ይተርኩላታል።

አንድ ቀን፣ «በይሉል ድሮ ትልቅ ነበረች እኮ» አሏት። «በአፄ ፋሲል ዘመን የየመን ኢማም መልእክተኛ ባሕሩን ተሻግሮ የወረደው በይሉል ነው። ከዚያ በአፋር በረሃ አቋርጦ ጎንደር ድረስ ሄደ።»

«በይሉል? የኛ በይሉል?»

«የናንተ በይሉል።»

ዘሀራ ሳቀች። እሷና እናቷ በተሻገሩበት ባሕር ላይ፣ ከዚያ ማዶ ወደዚህ፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት አንድ ባለ ጥምጥም ሰውዬ እየተንገላታ ሲመጣ ታያት። አቶ መኩሪያም ሳቁ። ልጆቻቸው ማንቸስተር ነበሩ፤ ስልክ ሲደውሉ የሚያወሩት ስለ ሥራና ስለ ቤት ዕዳ፣ ስለ ሞርጌጅ ነው። የሚያስተምሩት ሰው ካገኙ ወዲህ ሽማግሌው ፂማቸውን በየቀኑ መላጨት ጀምረዋል፤ ይኼን ያስተዋለችው ቲጂ ናት።

ሲያን ግን ይኼን ስትሰማ ደነገጠች።

«ዘሀራ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አጥንተሽ ብታነበንቢላቸው፣ ሰው አስጠንቷት ነው ይላሉ። ያኔ የምታውቂውን ካልሽ ይበቃል። የሚያስፈልገን አንቺን እዚያ ያየ ሰው ነው።»

ያየ ሰው ከየት ይመጣል? ቲጂ በኮሚዩኒቲው ጠየቀች፣ ዘሀራ በመስጊድ ጠየቀች። ከአሰብ የመጣ ሰው አልጠፋም፤ በይሉልን የረገጠ ግን ጠፋ። አቶ መኩሪያ ራሳቸው አንድ ጊዜ ተማሪ ይዘው ከመሄዳቸው በቀር በይሉልን አያውቁም። ቀናት ከቆዩ በኋላ ግን ስልክ ደወሉ።

«አንዲት ሴት አሉ። ፀሐይወርቅ ይባላሉ። አሰብ ሆስፒታል ጤና ረዳት ነበሩ፤ ለክትባት ገጠሩን ይዞሩ ነበር። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ገበያ ውስጥ ሻርፕና ሸሚዝ ይሸጣሉ። እንዳትቀየሚያቸው ብቻ፤ ስለ አሰብ ማውራት አይወዱም። ባላቸው በዚያ በ83 ግርግር እንደወጡ አልተመለሱም።»

ሦስቱም አብረው ሄዱ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከገበያ ማዕከሉ ውጪ፣ ዝቅ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ፣ በፕላስቲክ ሸራ በተጋረደች መደብራቸው ውስጥ ቆመው አገኟቸው። ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቆጠብ ያለ ሴት ናቸው። አቶ መኩሪያ ጉዳዩን ሲያስረዱ እሳቸው ሻርፖቹን እያጣጠፉ ያዳምጣሉ።

«ዓፊፋን አውቃታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በይሉል ስሄድ አፋርኛ የምታስተረጉምልኝ እሷ ነበረች። ጥሩ ሴት። ልጅም ነበረቻት።»

ቲጂ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ያቺ ልጅ ይቺ መሆኗን በምን አውቃለሁ? ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፣ ይቺ ትልቅ ሴት። የዓፊፋን ስም ከሌላ ሰው ሰምታም ሊሆን ይችላል። እኔ ወንጌል ላይ እጄን ጭኜ የማላውቀውን አልምልም። ለማንም!»

«ፀሐይወርቅ፣ የሰው ሕይወት እኮ ነው» አሉ አቶ መኩሪያ።

«ለዚያ ነው የማልዋሸው።»

ቲጂ ተናደደች። ዘሀራ ግን ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እውነትዎን ነው እትዬ» አለች። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አልምልም ነበር። ይተዉት፣ አይጨነቁ። ስለ እናቴ ጥሩ ሴት ነበረች ስላሉኝ ብቻ እግዜር ይስጥልኝ። ለንደን ውስጥ እናቴን የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

ሊሄዱ ተዘጋጁ። ዘሀራ ለስንብት ያህል፣ «በይሉል የሚሄዱት በመኪና ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«መንገዱ ሲበላሽ በጀልባ ነበር።»

ዘሀራ ያልጠበቀችው ሳቅ አመለጣት። «ይቅርታ እትዬ፣ በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት። እኔ ልጅ ሆኜ ከአሰብ በጀልባ የምትመጣ አንዲት የክትባት ሴትዮ ነበረች፤ ትዝ ብላኝ ነው። ባሕሩ አይስማማትም። ጀልባው ወደ ዳር መቅረብ ስለማይችል ሁሉም ሰው ቀሚሱን ሰብስቦ በውኃው ውስጥ ይራመዳል፤ እሷ ግን ስታስመልስ ስለቆየች መቆም አትችልም። እናቴ ወገቧ ድረስ ውኃ ውስጥ ትገባና በጀርባዋ አዝላት ታወጣታለች። ልጆቹ እንስቃለን። ዘንባባው ሥር ስትጋደም ደግሞ ክትባቱን ስለምንፈራ፣ እንዳትነሣ ብለን ዱአ እናደርጋለን። አንድ ቀን እናቴ ስንስቅ ሰምታ አሸዋ እየረጨችብን አባረረችን። ‘ይቺ ሴት ለናንተ ብላ ነው እንዲህ የምትሆነው’ አለችን።»

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የያዙት ሻርፕ ከእጃቸው ወደቀ።

ሴትዮዋ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶው መልሶ ወደ ሳቅ ተለወጠ። የጎረቤት ነጋዴ ኮሎምቢያዊት ደንግጣ ወንበር አቀረበችላቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ ሲረጋጉ። «እኔ ነኝ ያቺ ሴትዮ። ይኼን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። እንዴት አፍር እንደነበር! ለባሌም አልነገርኩትም። ሆስፒታል ቢያውቁ ገጠር አትችልም ብለው ያስቀሩኛል ብዬ።» የዘሀራን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት። «አባረረቻችሁ? ዓፊፋ በኔ ምክንያት አባረረቻችሁ?»

«በአሸዋ» አለች ዘሀራ፤ እሷም እያለቀሰች።

«አሁን እምላለሁ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ። «አሁን በፈለጉት ላይ እምላለሁ።»

የችሎቱ ቀን ዘሀራ ከሲያን ጋር ገባች። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሰው ነበሩ። የመንግሥትን ወገን ይዞ የሚከራከረው ወጣት ደግሞ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «የአካባቢሽን የሕዝብ ብዛት አሁን ታውቂዋለሽ?» ብሎ ጀመረ።

ዘሀራ አስተርጓሚዋን አዳምጣ ጨርሳ መለሰች። «አሁን አውቀዋለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር። አቶ መኩሪያ የሚባሉ መምህር እዚሁ ለንደን አስተማሩኝ። ቁጥሩን በይ ብትሉኝ እላለሁ፤ ግን ከሳቸው የተማርኩት ነው።»

ሲያን ዓይኗን ጨፈነች። ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «ስለዚህ አስጠንተውሻል» አለ።

«አዎ፣ አስተምረውኛል።»

ዳኛው ቀና አሉ። «እዚህ ከተማርሽው ሳይሆን፣ ራስሽ ከምታውቂው ውስጥ ንገሪኝ እስቲ። በመንደርሽ ማን ይኖር ነበር?»

ይኼኛው ጥያቄ ገባት። ዘሀራ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ ከዋናው ጉድጓድ ጀመረች። ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው የአሊ ኑር ቤት፣ ከእነ ሁለቱ ሚስቶቹ። ቀጥሎ መርከበኛው፣ አንድ ዓይኑ የማያይ። ቀጥሎ የእናቷ አክስት፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር። ከዚያ ባሕር የበላቸው የሁለት ወንድማማቾች ቤት፣ ጣሪያው የወደቀ፣ ፍየል የሚገባበት። ቤት በቤት እየዞረች ስም ስትጠራ አስተርጓሚዋ መከተል አቃታት። ዳኛው አላቋረጧትም። የራሷ ቤት ስትደርስ «እናቴ ዓፊፋ፣ አባቴ ባህሩ፣ እኔ» አለችና ቆመች።

ከዚያ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ገቡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ተሳልመው ማሉ። ስለ ክትባቱ፣ ስለ ዓፊፋ፣ በጀርባ ስለመታዘላቸው ሁሉንም ተናገሩ። ሃያ ዓመት ያፈሩበትን ነገር በማያውቋቸው ሰዎች ፊት፣ ቀጥ ብለው፣ ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ። አስተርጓሚዋ ስለ ማስመለሱ ስትተረጉም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። ወጣቱ ተከራካሪ፣ «ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እየተመላለሱ፣ የበይሉልን ሕዝብ ብዛት ያውቃሉ?» ሲላቸው፣

«ልጆቹን አውቃለሁ፣ ሁሉንም ወግቻለሁ» አሉ። «ትልልቆቹን አልቆጠርኩም። ሲያዩኝ ይሸሹ ነበር።»

ዳኛው ሳሉ፤ ይሁን እንጂ ያ ሳል ጉንፋን ብቻ እንዳልነበር ሲያን በኋላ ላይ ምላ ተናግራለች።

ውሳኔው ወዲያው አልተሰጠም። የጥበቃውን ቀናት ዘሀራ ስትበላ ሳትበላ አሳለፈቻቸው። ሲያን የደወለችው ቲጂ ሥራ ላይ ሳለች ነው። ዘሀራ ስልኩን አነሣች፤ እንግሊዝኛዋ ገና ነበር፤ ሲያን ደግሞ ከደስታዋ ብዛት በፍጥነት ትናገራለች። «አላውድ፣ አላውድ» የሚል ቃል ተደጋገመ። ዘሀራ ቃሉን አታውቀውም።

«ሲያን፣ ፕሊስ» አለች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ። «ጉድ ኦር ባድ?»

ከወዲያ በኩል ሲያን ስታለቅስ ተሰማት። «ጉድ፣ ዘሀራ! ጉድ! ቬሪ ቬሪ ጉድ!» አላውድ ማለት ይግባኟ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነበር።

ዘሀራ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አልሃምዱሊላህ» አለች፤ ደገመችው፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ቲጂ ስትገባ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ስልኩን ታቅፋ እንቅልፍ ወስዷት አገኘቻት። የሆነ ነገር የደረሰባት መስሏት ጮኸች፤ ዘሀራ ነቅታ ስትነግራት ደግሞ ሌላ ጩኸት ጮኸች፤ ከታች ያሉት የዳቦ ቤት ሰዎች ኮርኒሱን በመጥረጊያ እየደበደቡ ዝም በሉ አሉ። አቶ መኩሪያ በስልክ ሲነገራቸው «እሰይ፣ እሰይ፣ እሰይ» ብቻ እያሉ ስልኩን ሳይዘጉ ጥለውት ሄዱ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን፣ «አሁን የእናትሽ ነፍስ አረፈች» አሉ።

በወረቀቷ ሥራ መግባት እንደቻለች ዘሀራ የአረጋውያን ቤት ለቤት እንክብካቤ ተቀጠረች፤ ኋላም ተምራ ሆስፒታል ሥራ ገባች። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አርችዌይ ጎራ ማለት ጀመሩ። ለዓመታት አፋቸው ላይ አልወጣ ያለው አሰብ እዚያ የአቶ መኩሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሲወራ ይውላል፤ አንዱ እንደዚህ ነበር ሲል ሌላው አልነበረም እያለ ይከራከራል። ስለ ባላቸውም አንድ ቀን ራሳቸው ጀምረው ተናገሩ። ኤርምያስ ደግሞ እስካሁን ድረስ፣ የአርችዌዩን አስተማሪ እኔ ነኝ የነገርኳት እያለ በየታክሲው ያወራል። ልክ ነው።

ዘሀራ ስለዚያ ዓመት ስትጠየቅ የምታወራው ግን ከውሳኔው በኋላ ስላለ አንድ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የፊርማ ቀኗ ነበር፤ ውሳኔው እስኪመጣ በየሳምንቱ ኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዳ አለሁ ብላ ትፈርም ነበር፤ ሳትመለስ የምትቀርበት ቀን ይመጣል ብላ እየፈራች ነበር የምትሄደው። የዚያን ማክሰኞ ከልማድ ተነሥታ፣ ለብሳ፣ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ ቆማ ነበር፤ የሚያስኬዳት ነገር እንደሌለ ትዝ ያላት እዚያ ነው። ቤት መመለስ አላሰኛትም። በመጣው አውቶብስ ላይ ወጣች፤ ወዴት እንደሚሄድም አላየችም። ፎቁ ላይ፣ ከፊተኛው መስኮት ጋር ተቀመጠች። ዝናቡ አቁሞ ነበር፤ ሱቆቹ እየተከፈቱ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ነበር። ሾፌሩ በማይክሮፎን የመጨረሻው ፌርማታ ነው እስኪል ድረስ አልወረደችም። የወረደችበትን ሰፈር ስም እስካሁን አታውቀውም። አንድ መናፈሻ አግኝታ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፀሐይ ስትሞቅ አረፈደች።